ደም ቆጣሪዋ

ሐኪሙ ያሳተመው ጥናት መረጃውን ከላክንለት ከሁለት ዓመት በኋላ በፖስታ ደረሰን። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዐሥራ አራት ገጽ ነው። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ለዐይን በማይታይ ፊደል፣ «በስማዳ ወረዳ መረጃ ለሰበሰበችው የመስክ ረዳት ምስጋና ይድረሳት» ይላል። ረዳት! እኔ ባዩ፣ በወገዳ ጤና ጣቢያ ሳኒታሪያን የነበርሁ፣ ሽንት ቤት ቆፍሩ እያልሁ ሰው ስለማስቸግር «የጉድጓድ ሹም» ተብዬ የተሰደብሁ ሰው፣ እንዲህ ያለ ውለታ ቢስ ቃል አንብቤ ዝም አልልም። ረዳቱ እሱ ነበር። ተመራማሪዋ ደጊቱ ቀለመ ወርቅ ነበረች።

ደጊቱ የቤተ ልሔሙ የመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ልጅ ናት። ቤተ ልሔም ድጓ የሚመሰከርበት አገር ነው፤ ከየደብሩ የመጣ ተማሪ በአባቷ ግቢ ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ ሌት ተቀን ሲያዜም ይኖራል። ሴት ልጅ ድጓ አትማርም። ጆሮዋን ግን ማን ይደፍነዋል? ተማሪው ዜማውን ሲስት ከጓሮ ሆና ታርመው ነበር አሉ። አባቷ ሰምተው «ምነው ወንድ በሆንሽ» ብለው ቢያዝኑ «ወንድ ባልሆንስ?» አለቻቸው። በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ሊድሯት ሲሰናዱ ጠፍታ ደብረ ታቦር አክስቷ ዘንድ ገባች፤ እዚያ ተማረች፤ ኋላም በነርስነት ሠለጠነች። በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ወገዳ ስትመደብ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ ምላስ ግን አላት። እኔም ራሴ ሁለት ጊዜ ለትዳር ጠይቄያት ሁለት ጊዜ ስቃብኛለች።

ያ ሐኪም መጠይቅ ላከላት። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ሴቶችን የጡትና የማኅፀን ነቀርሳ ለምን እንደሚይዛቸው የሚያጠና ሰው ነው። አንዷን ይይዛታል፣ ጎረቤቷን አይነካትም፤ ለምን? ነገሩ በአኗኗርና ሆርሞን በሚሉት ነገር ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጠርጥሯል። ሆርሞን ምን እንደሆነ ደጊቱ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ «ዕጢ በደም ውስጥ የምትልከው መልእክተኛ ነው። ማኅፀንን በየወሩ ተነሽ፣ ተዘጋጂ ይላታል። ያረገዘችና ያጠባች ሴት ማኅፀኗ እንደ መሬት ጾም ያድራል። ያልወለደችው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳታርፍ ትታረሳለች።» ስለ ማኅፀን ከሴት አፍ ሰምቼ ስለማላውቅ ጆሮዬ ጋለ። እሷ ግን ስለ ገብስ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

መጠይቁን ያዘጋጀው ሰው ስማዳን በካርታ እንጂ በእግሩ አያውቃትም። ዕድሜሽ ስንት ነው? ይላል። «ጥልያን ሲገባ እድኽ ነበር» ይሏታል። ስንት ልጅ ወለድሽ? ይላል። በእኛ አገር ልጅ አይቆጠርም፤ እናት ከቆጠረች ይጎድልባታል። በሳምንት ስንት ቀን ቅቤና ሥጋ ትበያለሽ? «የቱን ሳምንት? የጾሙን ነው የፍስኩን?» የባሰው ግን ስድስተኛው ጥያቄ ነበር። የወር አበባ የቆመበትን ጊዜ ለመጠየቅ የከተማው ተርጓሚ «ደምሽ የደረቀው መቼ ነው?» ብሎ ጽፎታል። በእኛ ዘንድ ደም ደረቀ ማለት የገዳይና የሟች ወገን ታረቁ ማለት ነው።

ደምሌ የሚባል ገበሬ ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በፊት በወሰን ጠብ ሰው ገድሎ፣ ከሟች ዘመዶች ሳይታረቅ ጠመንጃውን ታቅፎ የሚያድር። ደጊቱ ከሚስቱ ጋር ማጀት ገብታ «ደምሽ ደርቋል ወይስ አልደረቀም?» ስትል እሱ ከግድግዳው ማዶ ይሰማል። ሚስቱ ደግሞ በየዋህነት «ኧረ እቴ፣ ገና አልደረቀም» ትላለች። ደምሌ በጓሮ ዘሎ ወጣ። ሁለት ቀን ገደል ውስጥ ከርሞ፣ ደመኞቼ ደም የምትቆጥር ሴት ሰደዱብኝ ብሎ ወረዳ ግዛት ከሰሰ።

ተጠራን። አዳራሹ ውስጥ ሃያ የሚሆን ወንድ ቆሟል። አስተዳዳሪው «አንቺ፣ የማንን ደም ነው የምትፈልጊው?» አላት። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ሴት በየወሩ የምታየውን ደም ነው ጌታዬ» አለች። «ለእርስዎ ሲባል ዘጠኝ ወር የቆመውንም ጭምር።»

አንድ ሽማግሌ አማተቡ። አስተዳዳሪው ጉሮሮውን ጠራረገና «ጉዳዩ የመንግሥት አይደለም፣ ሂዱ» ብሎ አሰናበተን። ደምሌ ግን እስኪሞት ድረስ አላመነም። ከዚያ ቀን ወዲህ በስማዳ ስሟ ደም ቆጣሪዋ ሆነ። ትቀየማለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን «ሥራዬን በትክክል የጠራው እሱ ብቻ ነው» ብላ ሳቀች።

ስሟ ሲወጣ በር ተዘጋባት። ባሎች ሚስቶቻቸውን ከለከሉ። ሐኪሙም «ካልሆነ ይቅር፣ ሌላ ወረዳ እሞክራለሁ» ብሎ ጻፈላት። ደብዳቤውን አንብባ «አይቀርም!» አለች። ማንን እንደምትቆጣ ሳይገባኝ እኔም ደነገጥሁ።

ምን እንዳሰበች የገባኝ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ነው። ደም የምታይ ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ውጭ፣ ከወይራው ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። የወለደችም ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ደጅ ትቆማለች። ሌላውም ሰው በየምክንያቱ ይወጣል፤ እህል የቀመሰ አለ፣ ከመኝታው ያልነጻ አለ። የመሪጌታ ልጅ ግን ይህን ሥርዓት እንደ ፊደል ታነበው ነበር። «በወር አንዴ የምትወጣዋ አበባ ላይ ናት» አለችኝ በሹክሹክታ። «ልጅ አቅፋ ዓመት ከመንፈቅ ያልወጣችው ማጥባቷ ደሟን ይዞላት ነው። ድሮ ትወጣ የነበረች፣ አሁን ዓመት ሙሉ ያልወጣችው ደግሞ አቁማለች። ሐኪሙ በወረቀት ያጣውን እግዜር በየሳምንቱ ደጁ ላይ ያሰልፈዋል፤ የሚያየው ጠፋ እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ደም ብታይም ባታይም በየእሑዱ ከወይራው ሥር ቆመች። ደጅ የቆመች ሴት ቅዳሴው እስኪያልቅ ሥራ የላትም፤ ባልም አጠገቧ የለም፤ ምላሷ ይፈታል። ደጊቱ ስንት ልጅ ወለድሽ ማለትን ተወች። «የልጆችሽን ስም ንገሪኝ» ትላለች። የማትቆጥር እናት ስም ትጠራለች፤ የሞቱትንም ጭምር፣ እንባዋን እየጠረገች። ዘመኑን «አንበጣው በወረደ ዓመት»፣ «የደብሩ ጣራ ቆርቆሮ በለበሰ ዓመት» እያሉ ይነግሯታል፤ እሷ ታሰላዋለች። የጾሙን ቀን ማንንም ሳትጠይቅ ራሷ ሞላችው። በዓመት ከመንፈቅ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሴት መዘገበች።

ከእነዚህ ውስጥ ጡታቸው ያበጠ ወይም ደማቸው ከቆመ በኋላ ተመልሶ የፈሰሳቸው ዐሥራ አንድ ነበሩ። ሰባቱ ወልደው አያውቁም። ወሬው መምሬ አዱኛ ጆሮ ደረሰ። መምሬ አዱኛ የደብሩ ቄስና የግማሹ አገር ንስሐ አባት ናቸው፤ «መካንነት መርገም መሆኑን ጤና ጣቢያም መሰከረ» ብለው ሰበኩ። ደጊቱ ከቅዳሴ በኋላ ጠብቃ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አባቴ፣ ሳያርፍ የታረሰበት በሬ ሲወድቅ የሚረገመው በሬው ነው?» አለቻቸው። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ «ሰባት ሰው ማስረጃ አይሆንም፣ ጥያቄ ነው የሚሆን። ሐኪሙ ማስረጃ ብሎ ቢጽፈው እኔ የለሁበትም» አለችኝ።

ከዐሥራ አንዱ ሦስቱ ደማቸው ቆሞ ከዓመታት በኋላ እንደገና ደጅ የወጡ ነበሩ። ማንም ልብ አላለም፤ አሮጊት ውጭ ብትቆም ማን ይጠይቃታል? ሦስቱም ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ደጊቱ ሦስቱም ቀብር ላይ ነበረች።

እንግዲህ አስካለ ከወይራው ሥር የቆመችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አስካለ ባሏ የሞተባት ባለ ርስት ናት፤ ሃምሳ አምስት ያለፋት፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሣህኗ ቅቤ የማይለየው። ልጅ አልወለደችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሌለችበት መካን ስትባል ኖራለች። ደሟ ከቆመ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሰባቱንም ዓመት ከሴቶች ሁሉ ፊት ቆማ ስታስቀድስ አይቻለሁ። በዚያ ዓመት ግን ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ወጣች። የወጣችው አንገቷን ደፍታ አይደለም። ጸጉሯን ተሠርታ፣ ዐይኗን ተኩላ፣ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ነው። ሴቶቹ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይሏታል። ለደጊቱም ክንዷን ይዛ «እግዜር ማኅፀኔን ከፈተልኝ የመሪጌታ ልጅ! እንደ ሳራ!» አለቻት። ፈንታ የሚባል፣ ልጆቹንም ሚስቱንም የቀበረ ገበሬ ይህን ሰምቶ ሽማግሌ ላከ። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆረጠ።

በአራተኛው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደጊቱ ልደርስባት እስኪያቅተኝ እየፈጠነች ትሄድ ነበር። ድንገት ቆመችና «አራት እሑድ ተከታትላ ነው የቆመችው ባዩ። ወር ሙሉ እየፈሰሳት ነው። ደግሞ ደስ ብሏታል!» ብላ አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም የንዴት ልቅሶ ነበር።

በማግሥቱ አስካለ ቤት ሄድን። መምሬ አዱኛ ጠበል ሊረጩ መጥተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ደጊቱ መስቀል ተሳለመችና ሳትቀመጥ ተናገረች።

«እትዬ አስካለ፣ የመጣብዎ ሕመም እንጂ ልጅነት አይደለም። ማኅፀንዎ ውስጥ ነቀርሳ ሳይጀምር አልቀረም። አሁን ከሄዱ ይድናሉ ብዬ ተስፋ አለኝ። ከቆዩ ግን አይድኑም።»

የአስካለ ፊት ተለዋወጠ። «ምቀኛ! አንቺ ባል ጠልተሽ ደርቀሽ የቀረሽው እኔንም ልታደርቂ መጣሽ?»

መምሬ አዱኛ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ የእግዚአብሔርን ሥራ በመርፌ አትመርምሪው። ሳራ በዘጠና ዓመቷ ወልዳለች።»

«ወልዳለች አባቴ። መጽሐፉ ግን የሴቶች ልማድ ከሳራ ተቋርጦ ነበር ይላል እንጂ ተመልሶ ወር ሙሉ ፈሰሳት አይልም።»

ቄሱ ፈገግ አሉ፤ ሙግት ይወዳሉ። «እንግዲያው ደም የሚፈሳትን ሴት ላምጣልሽ። ያላትን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ጨርሳ ምን ጠቀማት ይላል? ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ይህ የወንጌል ቃል ነው፣ የኔ አይደለም።»

ተረታች ብዬ እኔ እንኳ ወደ በሩ አየሁ።

«አዎ፣ ይላል» አለች ደጊቱ። «ከዚያስ ምን አደረገች? ቤቷ ተቀመጠች? ኦሪት ሰው አትንኪ ትላታለች። እሷ ግን በሰው መሀል ተጋፍታ፣ ሕጉን ጥሳ ሄዳ ልብሱን ነካች። ጌታ ተቆጣት አባቴ? ‹ልጄ ሆይ› አይደለም ያላት? እኔም እትዬ አስካለን የምለው ይነሡና ይሂዱ ነው። ማዳኑ የእግዜር ነው፤ መነሣቱ ግን የርሳቸው።»

አስካለ በጣቷ በሩን አሳየችን። ደጊቱ ከደፉ ላይ ዞራ «ሦስት ሴት ቀብሬያለሁ። እርስዎን አልቀብርም!» አለቻትና ወጣች። እኔ ተከተልኋት፤ በዚያን ቀን ወንድነቴ መከተል ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ማለዳ አስካለ በተጫነች በቅሎ ጤና ጣቢያው በር ላይ ደረሰች። «የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው» አለች ከበቅሎዋ ሳትወርድ። «ያች ልጅ ረታችኝ አሉ።» ከዚያ ወረደችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ብሄድ ምን ያደርጉኛል?» ብላ ጠየቀች።

«ማኅፀንዎን ያወጡታል።»

«ልጁስ?»

«ልጅ የለም እትዬ። መጀመሪያውንም አልነበረም።»

አስካለ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ደጊቱ አጠገቧ ተቀመጠች። ኋላ አስካለ ተነሥታ «በቅሎዋ ቆማለች፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች። ከአለቃ ፈቃድ እንጠይቅ ብል ደጊቱ «ጠይቅና መንገድ ላይ ድረስብኝ» አለችኝ። ሳንጠይቅ ጣቢያውን ዘግተን ወጣን። ፈንታም ሙሽራዬን ብቻዋን አልሰድም ብሎ ተከተለን። በልቡ ግን ሐኪሞቹ አርግዛለች እንዲሉለት ነበር የሚጓዘው። እስቴን አቋርጠን ደብረ ታቦር ለመድረስ ሦስት ቀን ፈጀብን፤ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን። አስካለ በመንገዱ ሁሉ አንድ ቀንም «አመመኝ» አላለችም።

መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገራችሁና ልገላገል። አስካለ ድናለች። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራ በእርጅናዋ ሞተች። ፈንታ ሌላ አገባ፤ አልፈርድበትም። ደጊቱ እስከ ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ወገዳ ቆይታ ከስድስት መቶ በላይ ሴት መዘገበች፤ ደም ተመልሶባት ከወይራው ሥር የቆመች ሴት ሁሉ ወሩ ሳያልቅ በቅሎ ይጫንላት ጀመር። በዐሥራ አራቱ ገጽ ውስጥ ይህ የለም። እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ከቀዶ ጥገናው በፊት የሆነውን ነው።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ጸሐፊው በሕይወት ካለ ከሶኝ በሽምግልናዬ ስከራከር አልኖርም። እዚያ ያለው ሐኪም አስካለን መርምሮ በሽታው ጀምሯል፣ አልተሠራጨም፣ በዚህ ሳምንት ይውጣ አለ። ደጊቱ ግድግዳውን ተደግፋ ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ላኩን። ጸሐፊው ወረቀት አወጣና ቀና ሳይል «የባል ፊርማ» አለ።

«ባል የለኝም» አለች አስካለ።

«እጮኛም ይሆናል።»

ፈንታ ብዕሩን ተቀበለ። ትንሽ ይዞት ቆየና መልሶ አስቀመጠው። «እኔ አራት ልጅ ቀብሬያለሁ» አለ። «አምስተኛው እዚያ ውስጥ ቢሆንስ? አልፈርምም።» ክፉ ሰው አልነበረም። ግን አልፈረመም።

«አባት?» አለ ጸሐፊው።

«ሞቷል።»

«ወንድም?»

«እሱም ሞቷል።»

«ታዲያ የማን ነዎት? የሚፈርም ወንድ ከሌለ ማኅፀን አይወጣም። ደንብ ነው።»

ደጊቱ አፏን ስትከፍት አየሁ፤ የሚመጣውንም አውቀዋለሁ። አስካለ ግን ክንዷን ያዘቻት። «ተዪ የመሪጌታ ልጅ። ይህ የኔ ነው።» ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ቀረበች። «ስማ ልጄ፣ ይህ ማኅፀን ባዶ ነው እየተባለ ሠላሳ ዓመት ሲሰደብ ባለቤቱ እኔ ብቻ ነበርሁ። ስድቡን የተካፈለኝ አንድ ወንድ አላየሁም። ዛሬ ሊወጣ ሲል ባለቤቱ ከየት መጣ?»

ጸሐፊው ወደ እኔ ተመለከተ፤ ወንድ ስለሆንሁ እኔን አስፈርሞ ሊገላገል። እኔም ፊቴን አዞርሁበት። ደጊቱ የማኅተሙን ቀለም ሳታስፈቅደው አንሥታ ክዳኑን ከፍታ ያዘችላት። አስካለ አውራ ጣቷን ነክራ ወረቀቱ ላይ ጠረጴዛው እስኪንቋቋ ተጫነች።

«አሁን ጻፍ» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«የማን ነዎት አላልኸኝም? መልሱን ጻፍ። እኔ ባላነብ የመሪጌታ ልጅ ታነባለች።»

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ጻፈ። ደጊቱ ጎንበስ ብላ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አድርጋ አነበበችው፦ «የባል ወይም የአሳዳሪ ስም፦ የራሷ ናት።»